ቀለሟን እንጂ አገሯን አትለውጥም
(ስለ ባሌ ተራሮች እስስቶች አጭር ታሪክ)

ሰሞኑን አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ነገሩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አንዱ ልጅ ትናንት ያለውን ዛሬ «አላልኩም» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ብለሃል እንጂ!» ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ አንዲት ቃል ወጣች፤ «አንተማ እስስት ነህ!» ክፍሉ ጸጥ አለ። የተሰደበው ልጅ ፊቱ ቀላ፣ ቆየት ብሎም ጠቆረ። አንድም ቃል ሳይመልስ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለሳምንት ያህል አልተነጋገሩም።

እኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ ይቺ ሰው የምናዋርድባት እስስት ማን ናት? ከመካከላችን ቁጭ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ ያያት ስንት ሰው አለ? በልጅነታችን ከአጥር ላይ ስናገኛት በእንጨት ነካ ነካ አድርገን ቀለሟ እስኪለወጥ እንጠብቅ ነበር፤ አንዳንዶቻችን ድንጋይም ወርውረናል። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የለንም። ታሪኳንማ ማን ጠይቆ!

ታሪክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዘውድና ጦር ሜዳ ነው። ዳሩ ግን ዘውድም ጦርም ሳይኖራት፣ አንድ ተራራ ይዛ ለረጅም ዘመን የኖረች ፍጥረትም ታሪክ አላት። ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት በባሌ ተራሮች ላይ ብቻ ስለሚገኙ፣ ከአገራችን ሰው ብዙው ስማቸውን እንኳ ሰምቶ ስለማያውቅ ጥቂት የእስስት ዝርያዎች ነው። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. መጽሐፍ ምን አለ?

እስስትን በመጥፎ ዓይን የተመለከትን እኛ ብቻ አይደለንም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ርኩሳን የሆኑትን እንስሳት ሲቆጥር እንሽላሊትና መሰሎቹን በምድር ላይ የሚሳቡ ፍጥረቶች ከዚያው መዝገብ ውስጥ ያስገባቸዋል። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የእንሽላሊት ወገን ስሙ በጥሩ አልተነሣም።

ይሁንና ሌላም ድምፅ አለ። ከግሪክ ወደ ግእዝ በጥንት ዘመን የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የሚባለው መጽሐፍ ስለ እንስሳት ጠባይ እየተረከ ምሳሌ የሚሰጥ ነው። እዚያ ውስጥ የፀሐይ እንሽላሊት የሚባል አለ። ሲያረጅ ዓይኑ ይጠፋል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚያይ የግድግዳ ስንጥቅ ፈልጎ ይገባል፤ ፀሐይ ስትወጣም ዓይኑ ይበራል ይላል። በተፈጥሮ ሳይንስ ሚዛን ላይ ካስቀመጥነው ነገሩ ተረት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ያ ጸሐፊ እንሽላሊትን አይቶታል። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲሞቅ ተመልክቶታል። የሰጠው ፍቺ ቢያስቀንም ባያስቀንም፣ መነሻው ማየት ነው።

አርስጣጣሊስም በእንስሳት ታሪኩ ውስጥ ስለ እስስት ጽፏል። ዓይኖቿ ወደየአቅጣጫው እንዴት እንደሚዞሩና ቀለሟ እንዴት እንደሚለወጥ ዘርዝሯል። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረ ነው። እኛ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ እስስት በአጥራችን ላይ እየተራመደች፣ ለስድብ ካልሆነ በቀር አላስታወስናትም።

፪. በዘመነ መሳፍንት የሄደች እስስት

የኢትዮጵያ ደጋ እስስት በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባችበት ታሪክ የሚጀምረው ከፍራንክፈርት በመጣ አንድ መንገደኛ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል፤ በ1794 ተወልዶ በ1884 ሞተ። በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ስሜንን አቋርጦ፣ በ1832 እና በ1833 ጎንደር ተቀመጠ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሡ በስም እንጂ በሥልጣን የሉም፤ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፤ ገበሬው ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይገብራል። ሩፔል በዚያ ሁከት መካከል ወፍ ያጠምዳል፣ ቆዳ ያደርቃል፣ ተሳቢ ይሰበስባል።

ዛሬ የአገራችን መለያ አድርገን የምንኮራባቸው እንስሳት ብዙዎቹ የላቲን ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ሰው ነው። ዋልያና ጭላዳ በ1835፣ ቀይ ቀበሮ በ1840 በእሱ ስም አውጪነት ተመዘገቡ። በ1845 ደግሞ የፍራንክፈርቱን የዜንክንበርግ ሙዚየም የተሳቢ እንስሳት ዝርዝር ሲያሳትም ከአቢሲኒያ የመጣችውን አንዲት እስስት «ካሜሌዎ አፊኒስ» ብሎ ሰየማት። «አፊኒስ» ማለት በላቲን ዘመድ፣ ተዛማጅ እንደ ማለት ነው። አዩ! ስሟ እንኳ የራሷ አይደለም፤ «ሌላዋን የምትመስለው» ተባለች።

ሩፔል ከእንስሳቱ ጋር የግእዝ ብራናዎችንም ይዞ ሄዷል፤ እነሱም የፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ንብረት ሆኑ። ብራናውም እስስቷም በአንድ መንገድ ተጉዘው አንድ ከተማ ገቡ ማለት ነው። ስለ ብራናው ስናዝን ሰምቻለሁ፤ ይገባልም። ስለ እስስቷ ግን ያዘነ ሰው አላጋጠመኝም። በእርግጥ እስስቷ እንደ ብራናው አልጠፋችብንም። ወገኖቿ ዛሬም በደጋው አገር ሁሉ፣ አዲስ አበባ ሳይቀር፣ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ ይኖራሉ። የጠፋው የእኛ ማየት ነው።

፫. ወደ ባሌ

ከሩፔል በኋላ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉት ባመዛኙ በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ላይ ነበር። የባሌ ተራሮች ረጅም ጊዜ ተሸሽገው ቆዩ። ትልቁ የደጋ አጋዘን እንኳ፣ ያ ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው ግርማ ሞገሳም እንስሳ፣ በሳይንስ ስሙን ያገኘው በ1910 ነው። እንግሊዛዊው አዳኝ ባክስተን ካስገኘው ናሙና ተነሥቶ ሊዴከር የሚባል ሊቅ ሰየመው። ፈረስ የሚያህል አጋዘን እስከ 1910 ድረስ ከተደበቀ፣ በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ እስስትማ ስንት ዘመን ትደበቅ?

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቲ አምባ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጅብራ እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ከዚህ አምባ ላይ ብቅ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወረወራል። መጀመሪያ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ሪራ የምትባለው መንደር፣ ከዚያ ኮሶና ቀርከሃ፣ ከዚያም ሽበት የመሰለ የዛፍ ሽበት በየቅርንጫፉ የተንጠለጠለበት፣ ጉም የማይለየው የሐረና ደን ይመጣል። ዝቅ ሲሉ የጫካ ቡና ይገኛል። በመጨረሻ ደሎ መና ቆላው ውስጥ ያወርዳችኋል። ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከውርጭ እስከ ሐሩር የሚያይበት አገር ነው።

በዚህ ደን ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አዲስ ነገር መገኘት ያዘ። በ1989 ሌላ ቦታ የሌላት አንዲት ትንሽ እንቁራሪት፣ ለብቻዋ አዲስ ወገን ተብላ ተመዘገበች። ከመዝጋቢዎቿ አንዱ ማልኮም ላርገን ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲያችን ውስጥ ያስተማረ፣ በኋላም በሊቨርፑል ሙዚየም የሠራ ነው። በ1995 ይኸው ላርገን ከባሌ ተራሮች ደንና ሣር ምድር የተገኘች አዲስ እስስት ገለጸ፤ ስሟንም በደኑ ስም «ሐረኔ» አላት። ከአጋዘኑ 85 ዓመት፣ ከሩፔሏ እስስት 150 ዓመት ዘግይታ መሆኑ ነው።

ሦስት ዓመት አልቆየም። በ1998 የአፍሪካን እስስቶች በማጥናት የታወቀው ኮሊን ቲልበሪ በዚያው በባሌ ሌላ አገኘ። የዚችኛው ወንዱ በአፍንጫው ላይ ሁለት ቀንድ አለው። ስለዚህ «ባሌቢኮርኑተስ» ተባለች፤ «ባለ ሁለት ቀንዷ የባሌ» እንደ ማለት ነው። በዚያው ጽሑፍ ዛሬ በደቡብ ሱዳን ካሉት የኢማቶንግ ተራሮች የተገኘች ሌላ እስስትም አብራ ተሰይማለች። እንግዲህ ጫፍ ጫፉን የያዙት ተራሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እስስት ሸሽገው ኖረዋል።

በ2009 ቲልበሪና ቶሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች የአፍሪካን እስስቶች ዝምድና እንደገና መርምረው፣ የተራራ እስስቶቹን ከድሮው ወገን ለይተው «ትራዮሴሮስ» በሚል ስም አቆሙ። ትርጉሙ ባለ ሦስት ቀንድ ነው። ስሙ የወጣው ግን ከወገኑ መካከል ሦስት ቀንድ ካለው ዝርያ ስለ ሆነ፣ አባሎቹ ሁሉ ሦስት ቀንድ አላቸው ማለት አይደለም። የእኛዋ አፊኒስ ጭራሽ ቀንድ የላትም።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። በ2021 ከባሌ ተራሮች በሰሜኑ ጥግ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ካለ ቁጥቋጦና ትንንሽ ዛፍ ላይ የምትኖር፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን ሌላ እስስት ተገለጸች። ከዚያ በፊት ከአፊኒስ ጋር ተደባልቃ ትቆጠር ነበር፤ የለያት በጀርባዋና በጅራቷ ላይ የተሰለፈው ሾጣጣ ቅርፊት ነው። ቆፔች፣ ኔቻስና ቪፕፍለር የተባሉት ተመራማሪዎች በጀርመናዊው የተሳቢ እንስሳት ሊቅ በቮልፍጋንግ በሜ ስም ሰየሟት። አፊኒስ የሚለውም ስም ገና ከአንድ በላይ ዝርያ ሳይሸፍን እንደማይቀር ያምናሉ። ሩፔል «ተዛማጅ» ያላት እስስት፣ ከ170 ዓመት በኋላ ተፈትታ ሳታልቅ እነሆ አለች።

ስሞቹን አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። አንዷ የደን ስም፣ አንዷ የተራራ ስምና ቀንድ፣ አንዷ የጀርመን ምሁር ስም አላት። የውጭ አገር ሰው መሰየሙን ኃጢአት ነው አልልም፤ ያየ ይሰይማል። ዳሩ ግን በሪራ የሚኖረው እረኛ እነዚህን እስስቶች ለመቶ ዘመናት አይቷቸዋል። የሚጠራበት ስም፣ የሚያውቀው ጠባይ፣ የሚተርከው ተረት ይኖራል። ያንን መዝገብ ማን ጻፈው? ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ፍራንክፈርትን ወይም ቦንን ሳይሆን እኛን፣ ደብተርና እርሳስ ይዘን የተቀመጥነውን ነው።

፬. ከሩፔል በፊት የነበረው ታሪክ

እስካሁን ያወራሁት የሰዎችን ታሪክ ነው። የእስስቷ ታሪክ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል።

እስስቶች በአፍሪካ ምድር የተነሡ መሆናቸውን የዘረ መል ጥናት ያሳያል። ዛሬ ከ200 በላይ ዝርያ አላቸው፤ ግማሽ ያህሉ በማዳጋስካር ደሴት ነው የሚኖረው። ወደዚያ የተሻገሩትም ባሕር አቋርጠው፣ በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ እንጨት ተሳፍረው ሳይሆን እንደማይቀር ይገመታል። የባሕሩ ደሴት እንዲህ ዝርያ ካበዛ፣ የየብስስ ደሴት? አዎ፣ የየብስ ደሴት አለ፤ ተራራ ነው።

ዴሪክ ያልደን የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ በ1983 በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የሳይንስ መጽሔት በ«ሲኔት» ላይ አንድ ስሌት አውጥቶ ነበር። በአፍሪካ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው መሬት ግማሽ ያህሉ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደግሞ 80 በመቶ ገደማ የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። አፍሪካን እንደ ቤት ብንቆጥራት ሰገነቷ እኛ ዘንድ ነው ማለት ነው። ይህ ሰገነት ግን አንድ ወጥ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሎታል፤ የስሜንና የሸዋ ደጋ ወዲህ፣ የአርሲና የባሌ ደጋ ወዲያ ቀርተዋል።

አሁን ራሳችሁን በእስስቷ ቦታ አድርጉ። ርምጃዋ ያው የምታውቁት ነው፤ አንድ እግር አንሥታ፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዛ፣ አስባ ነው የምታስቀምጠው። ጉምና ብርድ ለለመደች እስስት ቆላው ባሕሯ ነው። ሸለቆው ውስጥ ያለው ሐሩር እንደ ማዕበል ያግዳታል። በጥንት ዘመን የአየሩ ጠባይ በቀዘቀዘ ጊዜ የደጋው እፅዋት ወደ ታች ወርዶ ይሆናል፤ ተራራና ተራራ ተቀራርቦ ይሆናል። በሳነቲ ላይ በረዶ ተጋግሮ የነበረበት ዘመን ነበር፤ የበረዶው ጥርብ ዛሬም በድንጋዩ ላይ ይነበባል። አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ደኑ ወደ ላይ ይሸሻል፤ እስስቷም አብራው ትወጣለች፤ ከዘመዶቿም ትለያያለች። ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ በአንዱ ተራራ ያለችው ከሌላው ተራራ ካለችው ትለያለች፤ አንዷ ቀንድ ታወጣለች፣ አንዷ ቅርፊቷን ታሾላለች። አንድ ዝርያ በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የሚገኝበት ምሥጢር ይኸው ነው።

እንግዲህ የቃሏን ፍቺ ተመልከቱ። እኛ «እስስት» የምንለው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚለውን፣ ጌታ ሲለወጥ የሚለወጠውን ሰው ነው። እውነተኛዋ እስስት ግን ከፍጥረት ሁሉ ይልቅ ቦታዋን የሙጥኝ ያለች ናት። ተራራዋን ትታ የትም አልሄደችም። ቀለሟን እንጂ አገሯን አትለውጥም።

፭. ስለ ቀለሙስ?

«እሺ፣ አገሯን አትለውጥም እንበል፤ ቀለሟን ስትለውጥ ግን ታታልል የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። የክፍላችን ተሳዳቢም ያለኝ ይህንኑ ነው። እስቲ እንየው።

ብዙ ሰው እስስት የተቀመጠችበትን ነገር ቀለም ሁሉ የምትይዝ ይመስለዋል። አይደለም። በ2008 ስቱዋርት ፎክስና ሙሳሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ አፍሪካ ድንክ እስስቶች ላይ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው፣ ቀለማቸውን አብዝተው የሚለውጡት ልዩ ልዩ መልክ ባለው ቦታ የሚኖሩት ሳይሆኑ፣ እርስ በርሳቸው ደመቅ ያለ ምልክት የሚሰጣጡት ናቸው። ወንዱ ለወንዱ «ዞር በል» ይለዋል፤ ሴቷም ወንዱን «አልፈልግህም» ትለዋለች። ቀለሙ ንግግር ነው እንጂ መደበቂያ ብቻ አይደለም።

አሠራሩም ቢሆን አስገራሚ ነው። በ2015 በጄኔቭ የተደረገ ምርመራ እንደገለጸው፣ በእስስት ቆዳ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች ተደርድረዋል። እስስቷ ስትረጋጋ ይቀራረባሉ፣ ስትቆጣ ይራራቃሉ፤ ርቀታቸው በተለወጠ ቁጥር የሚመልሱት ብርሃን ይለወጣል። ይህ የተመረመረው በማዳጋስካር እስስት ላይ ነው። ቀለም ቀቢ የለም፤ የብርሃን ጨዋታ ነው።

በተራራ አገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ ብርድ። እስስት እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት አታመነጭም። ጠዋት ውርጭ ባደረበት ቁጥቋጦ ላይ ስትነቃ ሰውነቷን ታጠቁራለች፤ ጥቁር ነገር ፀሐይን ይስባልና። ጎኗን ወደ ፀሐይ አዙራ ትሞቃለች። (የፊሳልጎስን እንሽላሊት አስታወሳችሁ?) ሲሞቃት ትፈካለች።

ታዲያ ብርዱ እስኪለቃት ድረስ ዝንብ ቢመጣስ? ለዚህም መላ አላት። አንደርሰንና ዴባን በ2010 በየመን ተራሮች ላይ የምትገኘውን እስስት ይዘው ሞክረው ነበር። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ፣ ምላሷ የሚወረወርበት ፍጥነት የቀነሰው ከ10 እስከ 19 በመቶ ብቻ ነው፤ ምላሷን መልሳ የምትስብበት ጉልበት ግን ከ40 በመቶ በላይ ደከመ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ስትስበው በጡንቻ ነው፤ ጡንቻ በብርድ ይደነዝዛል። ስትወረውረው ግን አስቀድማ ወጥራ ያዘጋጀችውን እንደ ወንጭፍ ትለቀዋለች። የተወጠረ ወንጭፍ ብርድ አያውቅም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እስስት አታላይ አይደለችም። ቁጣዋን፣ ፍርሃቷን፣ ብርዷን በቆዳዋ ላይ ጽፋ ላየ ሁሉ ታስነብባለች። አታላይ የሚባለው ልቡ ሲቃጠል ፊቱ የማይለወጠው ነው። ያን ማታ የተሰደበው ጓደኛችን ፊቱ ቀልቶ ሲጠቁር፣ ከልቡ ማዘኑን ደብቆን አልነበረም። ለእስስት የቀረበው እዚህ ላይ ነበር፤ ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

፮. ጫፍ ላይ የቆመች

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

አንድ ተራራ ብቻ ያለው ፍጥረት ሁለተኛ ቤት የለውም። የሐረና ደን ይመነጠራል፤ ለእርሻ፣ ለግጦሽ፣ ለማገዶ፣ ለቡና ሲባል ሥሩ ይጸዳል። ከላይ ያለው አስታ ደግሞ ለከብት ሣር እንዲያበቅል ሲባል ከጥንት ጀምሮ ይቃጠላል። በ2000 መጀመሪያ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የተነሣውን ከባድ ቃጠሎ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ተማሪዎችም በየቦታው «ደኑ እያለቀ ነው» ብለው ጮኸዋል። ወፍ ከእሳት ትበራለች፣ አጋዘን ይሮጣል። አንድ እግሯን ለማስቀመጥ ሦስት ጊዜ የምታስበው እስስት የት ትደርሳለች?

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ላይ ለመደፍደፍ አይደለም። ሰውና የባሌ ተራራ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ፊንጫ ሀበራ በሚባል፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ የዋሻ ጥላ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር፣ ትልልቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር በ2019 የታተመ የቁፋሮ ጥናት አሳይቷል። ያን ሁሉ ዘመን ሰውም እስስትም ፍልፈልም አንድ ተራራ ተካፍለው ኖረዋል። ዛሬ የተለወጠው መጠኑ ነው። ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ መሬት የሌለውን ሰው «ዛፍ አትቁረጥ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ መልስ መፈለግ ግን ከባድ ነው። ያ ከባዱ ሥራ ነው ከተማረው ሰው የሚጠበቀው።

ሌላው አደጋ በዓይን አይታይም፤ የምድር መሞቅ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የእስስቶች ትልቅ አገር የሆነችው ማዳጋስካር ናት። በዚያ በጻራታናና ተራራ ላይ በ1993 እና በ2003 ተመራማሪዎች እየወጡ እንቁራሪቶቹና ተሳቢዎቹ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚኖሩ ለኩ። በ10 ዓመት ውስጥ በአማካይ ከ19 እስከ 51 ሜትር ወደ ላይ ከፍ ብለው ተገኙ። ሙቀቱን ሸሽተው መውጣታቸው ነው። ነገር ግን ተራራ ጫፍ አለው። ከጫፍ በላይ ሰማይ እንጂ ቁጥቋጦ የለም። ከሥር እርሻ፣ ከላይ እሳት፣ ከዙሪያዋ ሙቀት ቢመጣባት አገሯን የማትለውጠው እስስት ምን ይዋጣት?

ተስፋ የለም ግን አልልም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ተቋቋመ፤ በመስከረም 2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ወረቀት ብቻውን እሳት አያጠፋም፤ ቢሆንም መነሻ ይሆናል። የቀረው ሰው ነው፤ የሚያይ፣ የሚመዘግብ፣ ከሪራ ሽማግሌ ጋር ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ የሚጠይቅ ሰው። ባዮሎጂ የሚያጠና ተማሪ ዝርያውን ይቁጠር፤ ታሪክ የሚያጠናው የስሙን ታሪክ ይጻፍ፤ ቋንቋ የሚያጠናው እረኛው የሚጠራበትን ስም ከኦሮምኛው ይልቀም፤ ሕግ የሚያጠናው ደግሞ ገበሬውም ደኑም የማይጎዱበትን መላ ይፈልግ። አራታችን በአንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው፤ ሥራውን ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ነገሩን ያነሣሁት ከሁለቱ ጓደኞቻችን ነውና በእነሱ ልጨርስ። በሳምንቱ ታረቁ። ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ተሳዳቢው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እንግዲያ ምን ብዬ ልሰድበው ኖሯል?» አለ። ተሳዳቢው ብቻ ሳይሆን ሁላችንም ሳቅን።

ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትወጣ ከግቢያችን አጥር አጠገብ ጠጋ በሉ። ካጋጠማችሁ የምታገኟት የሩፔሏ አፊኒስ ናት፤ የባሌዎቹ የቅርብ ዘመድ። እንጨት አታንሡባት። አንዱ ዓይኗ ወደ እናንተ፣ ሌላው ወደ ሌላ ሲዞር፣ ጎኗም ለፀሐይ ሲጠቁር ታያላችሁ። ያያችሁትንም ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ በደብተራችሁ ጻፉት።